የድሮው ኮምፒውተር አልከፍት ሲል፦ «ፎርማት» ከማለታችሁ በፊት

በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ውስጡ የሰርግ ፎቶ፣ የስግድ ቪዲዮ፣ አያት በሱዳን በኩል ስለመጡበት ጉዞ ሲያወሩ የተቀዳ ድምፅ ሊኖር ይችላል። ችግሩ ሲስማውን፣ ማለትም የይለፍ ቃሉን፣ የሚያስታውስ ሰው አለመኖሩ ነው። «ፎርማት አድርገውና ይሥራ» የሚል አይጠፋም። ፎርማት ግን ኮምፒውተሩን እንጂ የአያትን ድምፅ አያድንም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የዊንዶውስ የይለፍ ቃል የበር ቁልፍ ነው፤ ፋይሎቹ ያሉት ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ዲስኩ እስካልተመሰጠረ ድረስ በሩ እምቢ ቢልም ዕቃውን በሌላ በኩል ማውጣት ይቻላል።

ከቀላሉ እንጀምር። የእስራኤል ኪቦርድ ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም ይጽፋል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ተመርጦ መግቢያው ላይ ያለው ቋንቋ ዕብራይስጥ ከሆነ ትክክለኛውን ብትጽፉም አይቀበልም፤ የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነም አታውቁትም። ጥግ ላይ ያለውን የቋንቋ ምልክት አይታችሁ ቀይሩት። ካፕስ ሎክንም እዩ።

ቀጥሎ ስሙን ተመልከቱ። ኢሜይል ከታየ የማይክሮሶፍት አካውንት ነው፤ የይለፍ ቃሉን ከስልካችሁ ቀይራችሁ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኙት። ኮምፒውተሩ ለዓመታት ተቀምጦ ከሆነ ግን ውስጡ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ ታልቅና ቀኑ ይዛባል፤ የተሳሳተ ቀን ደግሞ የኢንተርኔት ግንኙነቱን ሊያሰናክል ስለሚችል አስተካክሉት።

ኢሜይል ከሌለ ቃሉ ያለው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ሊሆን ይችላል። ስትሳሳቱ የሚወጣውን ፍንጭ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡ። የልጅ ስም ወይም የትውልድ መንደር ከሆነ፣ የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በሁለት በሦስት መንገድ እንደሚጻፍ አትርሱ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ በባለቤቱ ፈቃድ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ሃርድ ዲስኩን አውጡና በዩኤስቢ ማገናኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶዎቹ በተጠቃሚው ስም በተሰየመው ፎልደር ውስጥ ይገኛሉ። ቢትሎከር የሚባለው መቆለፊያ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ከጠየቃችሁ ግን ዲስኩ ተመስጥሯል ማለት ነው፤ ቁልፉን በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ፈልጉ። ያለ እሱ አይከፈትም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማም ወዲያው አጥፉት፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

በመጨረሻ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ከፍታችሁ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ብታዩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትሰርዙት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። የተጻፈበት ፎንት ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል።

ያገኛችሁትን ሁሉ ሁለት ቦታ ቅዱ፤ ቅጂው መከፈቱንም አረጋግጡ። ፎርማት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።