ለሥራ ስናመለክት ምን ብለን እንጻፍ?



ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ወንድሞችና እኅቶች ለትምህርት ማስረጃቸው የሚጨነቁትን ያህል ከላዩ ለሚያያይዙት ማመልከቻ አይጨነቁም። አንዱን ጽፈው ሠላሳ ቦታ የሚያስገቡ አሉ፤ የሚለወጠው ቀኑና የመሥሪያ ቤቱ ስም ብቻ ነው። በኢሜይል ሲላክም ልማዱ አልቀረም።

እስቲ ወደ ሱረቱ ዩሱፍ እንመለስ። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ከእስር ቤት ወጥተው በግብጽ ንጉሥ ፊት ሲቀርቡ የተገኘውን ሥራ ይሰጠኝ አላሉም። በ55ኛው አንቀጽ እንደምናገኘው፣ የአገሪቱን ግምጃ ቤቶች ኃላፊነት ለይተው ጠየቁ፤ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውንም አስከትለው ተናገሩ። ያለ ጥፋታቸው ለዓመታት መታሰራቸውን ሥራ መጠየቂያ አላደረጉትም።

የእኛ ማመልከቻዎች ግን ብዙውን ጊዜ «የቤተሰብ ኃላፊ በመሆኔ ችግሬ ታይቶልኝ በማንኛውም የሥራ መደብ» ይላሉ። ችግሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ቀጣሪው የሚፈልገው ግን ንብረቱን በትክክል የሚይዝለት ሰው ነው። ስለዚህ «ጉዳዩ» ከሚለው ጎን የሥራ መደቡን ማስታወቂያው ላይ እንደተጻፈ እንጥቀስ፤ ማስታወቂያው የወጣበትን ቀንም እንጨምር። ከተጠየቁት ነገሮች ውስጥ በእርግጥ ያሉንን ሁለት ሦስቱን ከነማስረጃቸው እናንሳ። «በአባቴ ሱቅ ለሁለት ዓመት የዕቃ ገቢና ወጪ መዝግቤአለሁ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር «ትጉና ታታሪ ነኝ» ከሚሉ አምስት መስመሮች ይበልጣል። ወጣቶቻችን የሱቁን ሥራ እንደ ልምድ አለመቁጠራቸው ይገርመናል! ያልሠሩበትን ዓመት መጨመር ግን ውሸት ነው፤ የሚገኘውም ደመወዝ በዚያ ውሸት ላይ የቆመ ይሆናል። አንድ ገጽ ከበቂ በላይ ነው።

«ሒጃብ እንደምለብስ በማመልከቻው ልግለጽ ወይ?» የሚሉ እኅቶች አሉ። በእኛ አስተያየት አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሃይማኖት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ማመልከቻም ችሎታን መግለጫ እንጂ ፈቃድ መጠየቂያ አይደለም። ፎቶግራፍ ከተጠየቁ በሒጃብ የተነሡትን ያያይዙ። ለጁምዓ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ ምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። በግል ድርጅት ከሆነ የሶላቱን ሰዓት ጉዳይ ለቃለ መጠይቁ እናቆየው፤ ውል ከመፈረማችን በፊት ግን አንስተን እንነጋገርበት።