ሶኬቱ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም

ጎንደር ያደግን ሰዎች የባትሪ ድንጋይን ጠባይ የተማርነው ከቤታችን ሬዲዮ ነው። ድንጋዩ ደክሞ ድምፁ ሲሰልል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ያ አልበቃ ሲል ጥርስ ያረፈበትም አለ። ጨርሶ ሲሞት ይሰበርና ጥቁሩ ዱቄት የትምህርት ቤት ሰሌዳ ማጥቆሪያ ይሆናል። መኪናችን ግን ድንጋይ አያውቅም ነበር። አካሉ ሽቦ፣ ጎማው ቆርኪ፣ ሞተሩ ደግሞ የራሳችን አፍ ነበር።

ዛሬ ለጥምቀት ከውጭ የመጣ ዘመድ ሻንጣውን ሲከፍት ባለ ሪሞት መኪና አይጠፋም። በጥር የእህቴ ልጅም አንድ ደረሰው። ብዙም ሳይቆይ ባትሪው ሞተና «ልኩ ይኸው ነው» ተብለን ሌላ ገዛን። ሶኬቱ ጠቅ ብሎ ገባ። በመኪናው ቻርጀር ሰክተነው ቡና ተፈላ። ቶናው ሳይቀርብ እናቴ «ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለች። ዞር ስንል ባትሪው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። እናቴ ቻርጀሩን ከግድግዳ ነቀለች፤ ባትሪውን በእጇ ሳትነካ በአካፋ አንስታ ግቢው ውስጥ ካለው አሸዋ ላይ ጣለችው። ቤቱም ልጁም ተረፉ።

በኋላ ያሳየነው ሬዲዮ ጠጋኝ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰው፦ የፊተኛው ባትሪ ኒኬል፣ የኋለኛው ሊቲየም ነበር። ሶኬታቸው ግን አንድ ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ዓይነቱ፣ ቀጥሎ ቮልቱ

በባትሪው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። በላቲን ፊደል «ኤን አይ» ብሎ የሚጀምረው ኒኬል፣ «ኤል አይ» ብሎ የሚጀምረው ሊቲየም ነው። የኒኬል ቻርጀር ሊቲየም መሙላቱን አያውቅም። አንድ የሊቲየም ድንጋይ 4.2 ቮልት ሲደርስ መቆም አለበት፤ ካለፈ ያብጣል፣ ከዚያም ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ባትሪ ሲቀየር ዓይነቱ ከፊተኛው ጋር አንድ ይሁን፤ ካልሆነ ቻርጀሩም አብሮ ይቀየር።

ከሱቅ የምንገዛው ተራ ድንጋይ 1.5 ቮልት፣ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል 1.2፣ ሊቲየም ደግሞ 3.7 ቮልት ነው። ድንጋዮቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ሲሰለፉ ቮልታቸው ይደመራል፦ 4 ኒኬል 4.8፣ 2 ሊቲየም 7.4 ይሆናል። ለ4.8 የተሠራ መኪና ላይ 7.4 ቢሰካ ለጥቂት ጊዜ ይፈጥናል፤ ከዚያ ሞተሩ ወይም ሰርኪዩቱ ይቃጠላል።

«ሚሊአምፐር ሰዓት» የሚለው ቁጥር ሌላ ነው። ቮልት ውኃው የሚወርድበት ከፍታ ቢሆን፣ ይኸኛው የእንስራው ስፋት ነው። ከ500 ይልቅ 1000 የተጻፈበት፣ ቮልቱና ዓይነቱ አንድ ከሆነ፣ ልጁን ረዘም ላለ ጊዜ ያጫውተዋል እንጂ መኪናውን አይጎዳም። አዲስና አሮጌ ድንጋይ ግን አትቀላቅሉ፤ የደከመው ያፈሳል።

ቀይና ጥቁር

በልጆች መኪና የምናገኛቸው ባለ ሁለት ሽቦ ነጭና ጥቁር ትንንሽ ሶኬቶች ለኒኬልም ለሊቲየምም ያገለግላሉ። ከዚህ የከፋው፣ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ የሚቀመጡበት ጎን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ይዛችሁ የቀዩንና የጥቁሩን ቦታ አስተያዩ። ከተገለባበጠ አትሰኩ።

ሶኬት ማስቀየር ካስፈለገ ቴስተር ላለው ጠጋኝ ስጡት። ቤት ውስጥ ሁለቱን ሽቦ በአንድ ጊዜ በመቀስ መቁረጥ ክልክል ነው፤ የመቀሱ ብረት ሁለቱን አገናኝቶ እሳት ያስነሳል። በትልልቆቹ መኪኖች ላይ ያለው ቢጫው «ኤክስቲ 60» ቅርጹ ተገልብጦ እንዳይገባ ይከላከላል። ቮልቱን ግን እሱም አይናገርም።

ከአሜሪካ ለመጣ ቻርጀር

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ የአሜሪካ 120 ነው። ቻርጀሩ ላይ «ኢንፑት 100–240» ካለ ሰላም ነው። 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር ግድግዳ ላይ እንዳይሰካ። ለሚመጣው ዘመድም ንገሩት፦ መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም።

አያቶች የሚጠብቁት ሕግ

ባትሪ የሚሞላው ትልቅ ሰው ነቅቶ እያየው ነው፤ ሌሊት አይደለም፣ አልጋና ምንጣፍ ላይም አይደለም። አሮጌ የሸክላ ምጣድ ጥሩ ማስቀመጫ ነው፤ አይነድም። ከጨዋታ የመጣ የጋለ ባትሪ ይቀዝቅዝ። እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ ደጋዎች ደግሞ ብርድ ላይ ያደረ ባትሪ የቤቱን ሙቀት ሳይለምድ አይሞላ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሊቲየም መሙላት ውስጡን ያበላሻል። እሳት ዳር ማሞቅ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣትና መንከስ ግን ከአሮጌው ድንጋይ ጋር ይቅር። ያበጠ ባትሪ ዳግም አይሰካም፣ አይበሳም። መጨስ ከጀመረ ደግሞ መጀመሪያ ልጆቹን አስወጡ።

አንዳንድ ሪሞት የአዝራር መልክ ያላት ትንሽ ባትሪ አላት። መክደኛው በብሎን ይታሰር። ሕፃን ዋጣት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፣ እስኪያመውም አትጠብቁ፤ ጉሮሮን በ2 ሰዓት ውስጥ ልታቆስል ስለምትችል ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

እኛ ቤት አሁን አንድ ደንብ አለ። ልጁ ባትሪውን ይዞ እናቴ ፊት ይቆማል፤ እሷ የላቲን ፊደል ስለማታውቅ እሱ ዓይነቱንና ቮልቱን ጮክ ብሎ ያነብላታል። «የቻርጀሩንስ?» ትለዋለች። ያንንም ያነባል። ሁለቱ ሲገጥሙ ምጣዱን ታቀርብለታለች።