«ጊዜው አልፏል» የሚባለው ልጅ፦ ስለ ሴሬብራል ፓልሲ ወሬውና እውነታው

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ ባሉ ከተሞች፣ ቀኑን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ የሚውል የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ያለበት ቤት አይጠፋም። እናቱ ድሮ አዝላው ትዞር ነበር፤ አሁን ከበዳት። ጎረቤት «ሕክምናውስ?» ሲላት፣ «ትንሽ እያለ ነበር እንጂ አሁንማ ጊዜው አልፏል» ትላለች። ስለ ሴሬብራል ፓልሲ ከሚነገሩት ስህተቶች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ይህ ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል በማሕፀን ሳለ፣ በወሊድ ወቅት ወይም በጨቅላነት ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። የአንጎሉ ጉዳት አይድንም፤ እያደር አይሰፋምም። የሚለወጠው ሰውነቱ ነው። የገተረው ጡንቻ ከአጥንቱ እኩል አያድግም፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ታጥፈው ይቀራሉ፣ ወገብ ይጎብጣል፤ ከሦስት ልጆች የአንዱ ዳሌ ከቦታው ይንሸራተታል። በጉርምስና ቁመት በድንገት ሲመዘዝ ደግሞ ይህ ሁሉ ይፈጥናል። ስለዚህ «ጊዜው አልፏል» የሚባልበት ዕድሜ ክትትሉ ጨርሶ መላላት የሌለበት ዕድሜ ነው።

የሚለወጠው የሕክምናው ግብ ነው። እስከ 7 ዓመቱ ገደማ መራመድ ያልጀመረ ልጅ ከዚያ በኋላ ራሱን ችሎ መሄዱ እምብዛም ነው፤ ይህን ከእናት መደበቅ ደግነት አይመስለኝም። ግን ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ተደግፎ መዛወር፣ ማንኪያ መያዝ፣ ሌሊት ሳያመው መተኛት፣ ትምህርት ቤት መዋል አለ። ለ15 ዓመት ልጅ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች አይደሉም።

«ወጌሻ ያቃናዋል» የሚባለውም አለ። ወጌሻ ለወለቀ ትከሻ ሲጠራ የኖረ ባለሙያ ነው፤ እዚህ ግን የእግሩ መገተር መነሻው ውልቃት አይደለም። እግሩን የሚያስገትረው ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ነው። በኃይል ሲጎትቱት ጡንቻው ይብሱን ይጠብቃል፤ ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስለሚሳሳ ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል። ፊዚዮቴራፒስት በተቃራኒው ቀስ ብሎ ይዘረጋል፣ በተዘረጋበት ያቆየዋል፣ ከዚያም ቤተሰቡን ያስተምራል። በሳምንት አንዴ በባለሙያ ከመታሸት ይልቅ በየቀኑ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚተኛና ተደግፎ መቆሙ ይበልጣል። ከባሕር ዛፍ እንጨት፣ በሰፈር አናጺ፣ በልኩ የተሠራ መደገፊያና የእግር መርገጫ ያለው ወንበር ትልቅ ሕክምና ነው።

አመጋገቡን ልብ ብላችሁ እዩ። ልጁን አጋድሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ማጉረስ በየቤቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሚደጋገመው ሳልና የሳንባ ምች «ብርድ ነው» ይባላል። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ አገጩ በትንሹ ወደ ደረቱ ይጠጋ። ደረቅ ቆጮ እየተፈረፈረ ስለሚያንቀው ለስለስ ያለ የቡላ ገንፎ ይሻለዋል። ትንሽ ማንኪያ፣ አንድ ጉርሻ፤ መዋጡን ሳታዩ ሁለተኛውን አታስከትሉ።

«አይናገርም፣ አይገባውም» የሚለውን ሆሳዕና ከማንም ቀድማ ልትጥለው ይገባ ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች በእጃቸው እየተነጋገሩ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በከተማዋ አለ፤ ድምፅ አለማውጣት አለማሰብ እንዳልሆነ ነዋሪው በዓይኑ አይቷል። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ከአራቱ አንዱ አይናገርም፤ ግማሽ ያህሉ ግን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የለባቸውም። ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ «አመመኝ» የሚሉ ሥዕሎች የተለጠፉበት ካርቶን ሥሩለት፤ በጣቱ ወይም በዓይኑ ያመልክት።

እርግማን ነው፣ የእናት ኃጢአት ነው የሚለው መሠረት የለውም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሊትል በ1862 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጽሑፉ ምክንያቱን አስቸጋሪ ወሊድ ላይ አሳረፈ፤ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1897 ችግሩ ከወሊድ በፊት ሊጀምር እንደሚችል ተከራከረ። ዛሬ ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ያልታከመ የጨቅላ ሰውነት ቢጫ መሆንና ማጅራት ገትር ከምክንያቶቹ እንደሚቆጠሩ ይታወቃል። በእናት ላይ የሚፈረድበት አንድም የለም።

ጸሎት ቤት ለምትወስዱትም አንድ ቃል አለኝ። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ከአራቱ አንዱ የሚጥል በሽታም አለበት። ጸሎቱን ቀጥሉ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። በድንገት ማቆም ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል።

ሆሳዕና ያላችሁ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከምባታ ያላችሁ በዱራሜ ሆስፒታል ጀምሩ። የዳሌ ራጅ ያስፈልገው እንደሆነ፣ የጡንቻ ማላሊያ መድኃኒትና የእግር ድጋፍ ይጠቅመው እንደሆነ ጠይቁ። ቀዶ ጥገና ካስፈለገ አዲስ አበባ በ2008 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወደተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ልጁን ራሱን ጠይቁት፤ ከሁሉ አስቀድሞ የቱን መቻል እንደሚፈልግ እሱ ይንገራችሁ።