ወደ አዲስ ሥርዓተ ክወና መሸጋገር ወይስ በነባሩ መቆየት? ውሳኔው በምርምር ሥራ ውስጥ

መግቢያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) አብቅቷል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 የወጣው ይህ ሥርዓተ ክወና ከአሥር ዓመት በላይ በቢሮዎች፣ በቤተ ሙከራዎችና በተማሪዎች ላፕቶፖች ላይ አገልግሏል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ስለሆነ ለመዘጋጀት አራት ዓመት ነበር። ያም ሆኖ ብዙ ተጠቃሚዎች ከሁለት ልማዶች በአንዱ ሲመሩ ይታያል። አንዳንዶቹ የሚሠራን ነገር መንካት አያስፈልግም በሚል እምነት በነባሩ ይቆያሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የማሻሻያ መልእክት እንደ መጣ ወዲያው ይጭናሉ።

በምርምር ሥራ ሁለቱም ልማዶች አደጋ አላቸው። የመጀመሪያው የተሰበሰበውን መረጃ ለጥቃት ያጋልጣል፤ ሁለተኛው የትንተናውን ውጤት ተመራማሪው ሳያውቅ ሊለውጥ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን አደጋዎች ለየብቻ ይመረምራል፤ ውሳኔውም እያንዳንዱ ኮምፒውተር በምርምሩ ውስጥ በሚሰጠው አገልግሎት መሠረት ተለይቶ መሰጠት እንዳለበት ያስረዳል።

የድጋፍ ማብቃት ትርጉም

ድጋፉ ያበቃ ሥርዓተ ክወና በማግስቱ ሥራ አያቆምም። ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይነሣል፤ ፕሮግራሞቹ ይከፈታሉ፤ ፋይሎቹም በቦታቸው ይገኛሉ። የሚቀረው ነገር ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለሚታወቁ የደኅንነት ክፍተቶች መደበኛ ማሻሻያ አይቀርብም። አዲሱና ነባሩ ስሪት ብዙ የጋራ ኮድ ስላላቸው ለአዲሱ የሚወጣው ማሻሻያ በነባሩ ውስጥ ያለውን ክፍተት ለአጥቂዎች ሊጠቁም ይችላል። ስለዚህ አደጋው በአንድ ቀን የሚደርስ ሳይሆን በጊዜ ሂደት እየተጠራቀመ የሚሄድ ነው።

የዚህን ክብደት ለመረዳት እ.ኤ.አ. በሜይ 12 ቀን 2017 የተከሠተውን የዋናክራይ ጥቃት መመልከት ይጠቅማል። ዋናክራይ በኔትወርክ በኩል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ራሱን እያዛመተ ፋይሎችን የሚቆልፍና ለመክፈቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነበር። በእንግሊዝ በወቅቱ ከነበሩት 236 የመንግሥት የጤና ተቋማት አስተዳደሮች ቢያንስ 80ዎቹ ተጎድተው በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰርዘዋል። ይሁንና ጥቃቱ የተጠቀመበትን ክፍተት የሚዘጋው ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች 14 ቀን 2017 ወጥቶ ነበር። በዓለም ዙሪያ ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7ን የሚጠቀሙ ነበሩ፤ የዚህ ስሪት ድጋፍ ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 2020 ድረስ አላበቃም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። ድጋፍ ያለው ስሪት መያዝ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ማሻሻያው በጊዜው ካልተጫነ ድጋፉ ብቻውን አያድንም።

በነባሩ ለመቆየት የተተዉ ሕጋዊ መንገዶችም አሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል። ለትምህርት ተቋማት ለአንድ ኮምፒውተር የተተመነው ዋጋ በመጀመሪያው ዓመት 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ለሌሎች ድርጅቶች ዋጋው በመጀመሪያው ዓመት ከ61 ዶላር ይነሣና በየዓመቱ በእጥፍ ያድጋል። ይህ አገልግሎት የደኅንነት ክፍተቶችን ከመዝጋት በስተቀር አዲስ አሠራር አይጨምርም። በመሆኑም ጊዜ መግዣ እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። ለአንድ ተመራቂ ተማሪ ግን የተገዛው ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመጨረስ የሚበቃ ሊሆን ይችላል።

ሥርዓተ ክወና የስሌትን ውጤት እንዴት ይለውጣል?

ብዙ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት መረጃ፣ በአንድ ዓይነት ፕሮግራም ሲተነተን የትም ቦታ ቢሆን አንድ ውጤት እንደሚሰጥ ይገምታሉ። ይህ ግምት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ኮምፒውተር የአስርዮሽ ቁጥሮችን የሚይዘው በተወሰነ አኃዝ ብዛት ስለሆነ በእያንዳንዱ ስሌት ላይ በጣም ጥቃቅን ማጠጋጋቶች ይፈጠራሉ። ለምሳሌ በተለመደው ባለ 64 ቢት አሠራር 0.1 እና 0.2 አስቀድመው ተደምረው 0.3 ቢጨመርባቸው ውጤቱ 0.6000000000000001 ይሆናል፤ 0.2 እና 0.3 አስቀድመው ተደምረው 0.1 ቢጨመርባቸው ግን 0.6 ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው ከድመራው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። እንደ ሎጋሪዝም ያሉ ስሌቶችን የሚያከናውኑት የሒሳብ ቤተ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሥርዓተ ክወናው አካል ስለሆኑና ከስሪት ወደ ስሪት ስለሚሻሻሉ ተመሳሳይ ልዩነት ይፈጥራሉ። በአንድ እርምጃ ብቻ ሲታይ ልዩነቱ ከቁብ አይገባም፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ ተከታታይ እርምጃዎች ውስጥ ሲያልፍ ግን ሊጎላ ይችላል።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የቀረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሎስ ዋን በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ የግሮነንሺልድና የባልደረቦቹ ጥናት ፍሪሰርፈር የተባለውን የአንጎል ምስል መተንተኛ ፕሮግራም በተለያዩ ስሪቶች፣ በተለያዩ ኮምፒውተሮችና በሁለት የማክ ሥርዓተ ክወና ስሪቶች ፈትኗል። በፕሮግራሙ ስሪቶች መካከል በአንጎል ክፍሎች መጠን ላይ በአማካይ 8.8 በመቶ ልዩነት ታይቷል። በሁለቱ የሥርዓተ ክወና ስሪቶች መካከል የታየው ልዩነት የዚህ ግማሽ ያህል ነበር። በበሽታ ምክንያት የሚመጣ የአንጎል መጠን ለውጥ ራሱ ጥቂት በመቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ግማሹን ተሳታፊ በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ስሪት የተነተነ ጥናት የኮምፒውተሩን ለውጥ የበሽታው ውጤት አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። ግላታርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 በሊነክስ ስሪቶች ላይ ያካሄዱት ጥናትም ልዩነቱ አጭር በሆኑ ትንተናዎች ላይ እምብዛም እንደማይታይ፣ በረጃጅሞቹ ላይ ግን ተጠራቅሞ ጉልህ እንደሚሆን አሳይቷል።

ሌላው ምሳሌ ከኬሚስትሪ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለተመራማሪዎች የቀረበ አንድ የፓይተን ፕሮግራም የሞለኪውሎችን የኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ስሌት ያከናውን ነበር። ፕሮግራሙ ፋይሎችን ሲያነብ ሥርዓተ ክወናው በሚያቀርባቸው ቅደም ተከተል ላይ ይመካል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች ያንኑ ፕሮግራም ለያንኑ ፋይሎች በተለያዩ ኮምፒውተሮች ሲጠቀሙ በዊንዶውስ 10 እና በማክ ማቨሪክስ 173.2፣ በማክ ሞሃቪ 172.7፣ በኡቡንቱ 16 ደግሞ 172.4 የሚል ውጤት አገኙ። ምክንያቱ የፋይሎቹ ቅደም ተከተል በሥርዓተ ክወናዎቹ መካከል መለያየቱ ነበር። ፕሮግራሙ የስህተት መልእክት አላሳየም፤ ቁጥር ሰጥቶ በሰላም ተዘጋ። ችግሩ ፋይሎቹን በስም እንዲደረድር በማዘዝ ተፈትቷል፤ ይሁን እንጂ ከ150 በላይ የታተሙ ጥናቶች ውጤት ጥያቄ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ተገልጿል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አዲሱ ስሪት ከነባሩ የባሰ ነው የሚል ድምዳሜ አይገኝም። በማክ ማቨሪክስ ትክክል የነበረው ፕሮግራም ጉድለቱን ከመጀመሪያው ይዞ የነበረ ሲሆን፣ የሥርዓተ ክወና ለውጥ የተሸሸገውን ጉድለት ገልጦታል። ጉዳቱ የሚመጣው ለውጡ በጥናቱ መካከል ሲደረግና ሳይመዘገብ ሲቀር ነው።

ከመለኪያ መሣሪያ ጋር የተገናኙ ኮምፒውተሮች

በቤተ ሙከራ ውስጥ ከስፔክትሮሜትር፣ ከክሮማቶግራፍ ወይም ከማይክሮስኮፕ ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር የመሣሪያው አንድ አካል ተደርጎ መታየት ይኖርበታል። ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ የሚቀርብ ነው። በ32 ቢት ዊንዶውስ 10 ይሠሩ የነበሩ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችና ለ32 ቢት የተዘጋጁ ድራይቨሮች በእርሱ ላይ አይሠሩም። አምራቹ ለመሣሪያው አዲስ ድራይቨር ካላወጣ በርካሽ ወይም በነፃ የተገኘው የሥርዓተ ክወና ለውጥ ውድ የሆነውን መሣሪያ ከአገልግሎት ውጪ ሊያደርገው ይችላል።

ለዚህ ዓይነቱ ኮምፒውተር የሚመረጠው ነባሩን ስሪት ይዞ ከኔትወርክ ማለያየት ነው። ማለያየት ግን ፍጹም መከላከያ አይሆንም፤ መረጃው በፍላሽ ከተወሰደ ቫይረሱም በፍላሽ ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት ከኢንተርኔት ወደ ተለዩ ኮምፒውተሮች መድረስ የቻለው በዚሁ መንገድ ነበር። ስለዚህ ለመሣሪያው ብቻ የሚያገለግል ፍላሽ መመደብና መረጃውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ባዛወሩ ቁጥር መፈተሽ ያስፈልጋል።

በአማርኛ የተጻፉ ሰነዶች

በግዕዝ ፊደል ለሚጽፉ ተመራማሪዎች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ኒያላ የተባለው የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከሥርዓቱ ጋር ይመጣ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ተጠቃሚው ከቅንብሮች ውስጥ ፈልጎ የሚጭነው ተጨማሪ ክፍል ሆኗል። በኒያላ የተዘጋጀ የመመረቂያ ጽሑፍ በአዲስ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ኢብሪማን በመሰለ ሌላ ቅርጽ ሊታይ፣ በዚህም ምክንያት የመስመሮቹ አከፋፈልና የገጾቹ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። ከዚህ የሚከብደው ችግር የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመካተቱ በፊት በነበሩ ሶፍትዌሮች የተጻፉ ሰነዶች ጉዳይ ነው። እነዚህ ሰነዶች የተመሠረቱት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በተተከሉ የፊደል ቅርጾች ላይ ስለሆነ ቅርጹ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ነባሩ ኮምፒውተር ከመነካቱ በፊት የፊደል ቅርጾቹን ማስቀመጥ፣ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ የመጨረሻውንም ቅጂ ቅርጾቹ በውስጡ በተካተቱበት ፒዲኤፍ መያዝ ይገባል።

ውሳኔውን በአገልግሎት መለየት

ከላይ የተነሡት ነጥቦች ኮምፒውተሮችን በሦስት ለመመደብ ያስችላሉ። የመጀመሪያው ምድብ ለጽሑፍ፣ ለኢሜይልና ለኢንተርኔት የሚውሉትን ይይዛል። እነዚህ ዘወትር ለጥቃት የተጋለጡ ስለሆኑ ድጋፍ ያለው ሥርዓተ ክወና ሊኖራቸው ይገባል፤ ማዘግየት ምክንያት የለውም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና፣ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ይህን የማያሟላ ላፕቶፕ ያለው ሰው የተራዘመውን ማሻሻያ መውሰድ ወይም ወደ ሊነክስ መሸጋገር ይችላል።

ሁለተኛው ምድብ በሂደት ላይ ያለ ትንተና የሚካሄድባቸውን ይመለከታል። በእነዚህ ላይ ሥርዓተ ክወናው መለወጥ ያለበት በአንድ ጥናት ማብቂያና በሌላው መጀመሪያ መካከል ነው። የጥናቱ ጊዜ ከድጋፉ ማብቂያ የሚያልፍ ከሆነ ትንተናውን ከነሙሉ አካባቢው በምናባዊ ኮምፒውተር ወይም ዶከርን በመሰለ ኮንቴይነር ውስጥ አስቀምጦ የውጪውን ሥርዓት ማደስ ይቻላል። ሦስተኛው ምድብ ከመለኪያ መሣሪያ ጋር የተገናኙት ሲሆኑ የአምራቹ ማረጋገጫ እስኪገኝ ድረስ ተነጥለው በነባሩ ይቆያሉ።

ከለውጡ በፊትና በኋላ

ለውጡ ሲወሰን በአንድ ቀላል ፈተና መጀመር ይገባል። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ አነስተኛ መረጃ በነባሩ ኮምፒውተር ላይ ይተነተንና ውጤቱ ከነሙሉ አኃዙ ይመዘገባል። ከለውጡ በኋላ ያው መረጃ በዚያው ፕሮግራም እንደገና ይተነተናል። ልዩነት ከታየ ቀጣዩ ጥያቄ ልዩነቱ የጥናቱን ድምዳሜ ይነካል ወይ የሚለው ነው። የሚነካ ከሆነ በነባሩ የተተነተነው መረጃ በሙሉ በአዲሱ እንደገና ይሠራል እንጂ የሁለቱ ውጤቶች በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አይቀላቀሉም።

የመጠባበቂያ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ውጪ በሆነ ዲስክ ላይ መያዝና በእርግጥ የሚከፈት መሆኑን በሌላ ኮምፒውተር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉ በወረቀት ይጻፍ። ጭነቱ በመካከል መብራት ቢጠፋ ሥርዓቱ ሊበላሽ ስለሚችል ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተሩም ከዩፒኤስ ጋር ተገናኝቶ ቢጫን ይመረጣል። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 የተሸጋገረ ተጠቃሚ ወደ ነባሩ በቀላሉ እንዲመለስ የሚፈቀድለት በ10 ቀናት ውስጥ ብቻ ስለሆነ ፈተናው በእነዚሁ ቀናት መጠናቀቅ አለበት።

ማጠቃለያ

አንድ ቤተ ሙከራ ሚዛን ሲቀይር ቀኑን ይመዘግባል፤ አዲሱንም ሚዛን በታወቀ ክብደት ይፈትሻል። ለሥርዓተ ክወናም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይገባዋል። የሥርዓተ ክወናው ስምና ስሪት፣ የመተንተኛ ፕሮግራሙ ስሪትና ለውጡ የተደረገበት ቀን በጥናቱ ዘዴ ክፍል ውስጥ ከተጻፉ፣ ከዓመታት በኋላ ውጤቱን ለመድገም የሚሞክር ሌላ ተመራማሪ የልዩነቱን ምንጭ የት እንደሚፈልግ ያውቃል። ይህ መዝገብ ከሌለ ግን የመጀመሪያው ተመራማሪ ራሱ ሁለቱ ቁጥሮቹ ለምን እንደተለያዩ ማስረዳት አይችልም።