በእጅ የተሠራ ቢላዋና የማያውቅ ሻጭ

አንዲት የቤት እመቤት ወደ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ትገባና የቀንድ እጀታ ያለውን፥ ባለ እጅ ቀጥቅጦ የሠራውን ቢላዋ አንስታ ዋጋውን ትጠይቃለች። ከባንኮኒው በስተኋላ የቆመው ወጣት ሻጭ ግን ዋጋውን ከመናገሩ በፊት፥ «እትዬ፥ ይህንንስ ይተዉት፤ ይዝጋል፤ ወጣ ገባ ነው፤ የቀጥቃጭ ሥራ ነው፤ ይልቅስ ይህን የውጭ አገሩን ይውሰዱ» ይላታል። እመቤቲቱም ወይ የውጭውን ትገዛለች፥ ወይ ደግሞ በሁለቱም ተጠራጥራ ባዶ እጅዋን ትወጣለች። ይህን የመሰለ ንግግር በብዙ ሱቅ የሚሰማ ነው። ሻጩ በዚህ ንግግሩ ጌታውን የጠቀመ ይመስለዋል፤ ነገሩ ሲመረመር ግን በአንድ ጊዜ ሦስት ሰዎችን ጎድቷል፤ እነርሱም ባለ ሱቁ፥ ገዢዋና ቢላዋውን የሠራው ባለ እጅ ናቸው።

ባለ ሱቁ በመደርደሪያው ላይ ያኖረው ዕቃ ሁሉ ገንዘቡን የከፈለበት ነው። የራሱ ሠራተኛ የራሱን ዕቃ በደንበኛ ፊት ሲያጣጥልበት ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀራል። ከዚህም በላይ አስተዋይ ደንበኛ፥ «ዕቃው መጥፎ ከሆነ ለምን አምጥታችሁ ደረደራችሁት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፥ አንድ ጊዜ የተነገረ የነቀፋ ቃል በሌላው ዕቃም ላይ ጥርጣሬ ያሳድራል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ቢላዋ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሱቁ የመታመን ጉዳይ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ነቀፋው የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ ነው። አለማወቅም በትምህርት የሚወገድ ስለሆነ፥ ሻጮች ዘወትር የሚናገሯቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አንሥቶ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ይገባል።

መጀመሪያው ነቀፋ «ይዝጋል» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ባለ እጅ የሚቀጠቅጠው ብረት ክሮምየም የሌለበት ወይም ጥቂት ብቻ ያለበት፥ ጥንካሬውን በውስጡ ካለው ካርቦን የሚያገኝ ብረት ነው። የማይዝግ የሚባለው ብረት ደግሞ ከመቶው ቢያንስ 10.5 እጅ ክሮምየም የተቀላቀለበት ነው። ዝገትን የሚከለክለው ይህ ክሮምየም ነው እንጂ የፋብሪካው ማሽን አይደለም። በካርቦን የጠነከረው ብረት በውሃና በሎሚ ይነካል፤ ይሁን እንጂ ሥራው እንዳለቀ ታጥቦ፥ ተጠርጎና ደርቆ ቢቀመጥ፥ አልፎ አልፎም ጥቂት ዘይት ቢቀባ፥ ለብዙ ዘመን ያገለግላል። በአጠቃቀም ብዛት በላዩ ላይ የሚወጣው ግራጫ መልክ ብረቱን የሚበላ ቀይ ዝገት ሳይሆን፥ ይልቁንም ቀዩን ዝገት በመጠኑ የሚከላከል ሽፋን ነው። ሁለቱን ለይቶ ለደንበኛ ማስረዳት የማይችል ሻጭ ቢላዋ ለመሸጥ ገና አልተዘጋጀም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የማይዝገው ቢላዋ ራሱ ያለፈበትን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1913 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሐሪ ብሪርሊ የተባለ የብረት ሊቅ፥ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ቶሎ የማይበላ ብረት ሲፈልግ፥ ክሮምየም የበዛበት ብረት እንደማይዝግ አስተዋለ። ይህ ብረት ለቢላዋ ይሆናል ብሎ ቢያቀርብም፥ መጀመሪያ የሞከሩት ቢላዋ ሠሪዎች ብረቱን እንዴት እንደሚያሞቁና እንደሚያጠነክሩ ስላላወቁ ቢላዋው አልቆርጥ አላቸው፤ ሰውየውንም የማይቆርጥ ቢላዋ የፈለሰፈ ሰው ነው ብለው አፌዙበት። ጉድለቱ ግን የአሠራሩ እንጂ የብረቱ አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ በካርቦን ብረት ላይ የሚነገረው ፌዝ፥ ትናንት በማይዝገው ብረት ላይ ሲነገር የነበረው ዓይነት ነው። በሁለቱም ዘመን ፌዙን የወለደው አለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ «የአገር ቤቱ ቢላዋ ከቁርጥራጭ ብረት የተሠራ ነው» የሚለው ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ በምናለሽ ተራም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ ባሉ ብረት ሠሪዎች ዘንድ፥ ከሚመረጡት ብረቶች አንዱ አሮጌ የመኪና ባሌስትራ ነው። ሻጩ ይህን ሰምቶ ይንቃል፤ ባሌስትራ ግን ተራ ብረት አይደለም። የመኪናን ክብደት ተሸክሞ ሲታጠፍና ሲዘረጋ እንዳይሰበር ተብሎ የተዘጋጀ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶው ከግማሽ እጅ እስከ 0.6 እጅ የሚደርስ ካርቦን ያለበት ብረት ነው። በአግባቡ ከተቀጠቀጠና ከጠነከረ ጥሩ ስለት ያወጣል፤ በቀላሉም አይሰበርም። በሌሎች አገሮች የሚገኙ ቢላዋ ሠሪዎችም ይህንኑ ዓይነት ብረት ለትልልቅ ቢላዋዎች ይመርጡታል።

የቢላዋውን መልካምነት የሚወስነው ብረቱ ከመጣበት ቦታ ይልቅ በእሳቱ ላይ የሚደረግለት ጥንቃቄ ነው። ባለ እጁ ብረቱን በከሰልና በወናፍ አግሎ በመዶሻ ቅርጽ ካስያዘው በኋላ፥ መልኩ እንደ ፍም እስኪቀላ ድረስ እንደገና ያሞቀውና በዘይት ወይም በውሃ ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ በቀላል ሙቀት፥ ይኸውም በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፥ እንደገና ሞቆ እንዲለዝብ ይደረጋል። ይህን ሁሉ ያለ ሙቀት መለኪያ፥ የብረቱን ቀለም በዓይን ብቻ እያዩ መሥራት ከብዙ ዓመት ልምምድ የሚገኝ ጥበብ ነው።

ሦስተኛው ነቀፋ «ወጣ ገባ ነው፤ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም» የሚለው ነው። በመዶሻ የተሠራ ዕቃ የመዶሻው ምልክት ቢታይበት የሚያስገርም አይደለም። ገዢው መመልከት የሚገባው ስለቱ ከጫፍ እስከ እጀታው ድረስ ቀጥ ማለቱን፥ ቢላዋው ወደ ጎን አለመጣመሙንና እጀታው አለመነቃነቁን ነው። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ በጀርባው ላይ ያለው የመዶሻ ጠባሳ በመቁረጥ ሥራ ላይ አንዳች ጉዳት የለውም።

አራተኛው ነቀፋ «የሠለጠነው ዓለም በእጅ የሚሠራ ቢላዋ ትቷል» የሚለው ሲሆን፥ ከሁሉም ይልቅ ከእውነት የራቀው ይህ ነው። በጃፓን አገር በሳካይ ከተማ ቢላዋ የሚሠሩ ሰዎች ሥራውን ተካፍለው ይሠራሉ፤ አንዱ ይቀጠቅጣል፥ ሌላው ይስላል፥ ሌላው እጀታውን ይገጥማል። ጠንካራውን ብረት ከለስላሳው ብረት ጋር በእሳት አጣብቀው የሚሠሩት ቢላዋ በሮክዌል መለኪያ ጥንካሬው ብዙ ጊዜ ከ60 በላይ ሲሆን፥ በገበያ የሚገኙት ብዙዎቹ የማይዝጉ የወጥ ቤት ቢላዋዎች ግን ከ54 እስከ 58 ናቸው። የሳካይ ባህላዊ ቢላዋ የሚሠራበት ብረት ብዙ ጊዜ የሚዝግ ነው፤ ሆኖም በታላላቅ ሆቴሎች የሚሠሩ ወጥ ቤቶች ከፍ ያለ ዋጋ ከፍለው ይገዙታል። የጃፓን መንግሥትም በ1982 እ.ኤ.አ. ይህን ሥራ በአገሪቱ ባህላዊ የእጅ ጥበብ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የጀርመን መንግሥት በበኩሉ የዞሊንገን ከተማ ቢላዋ ሠሪዎችን ስም በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ አስከብሯል። የሼፊልድ አካባቢ ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበርም በ1624 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመ ነው። እነዚህ አገሮች የቢላዋ ሠሪዎቻቸውን ስም ጠብቀው ንግዳቸውን አስፋፍተዋል፤ በስድብ የበለጸገ አንድም የለም።

በአገራችን ግን «የቀጥቃጭ ሥራ» የሚለው ቃል ከዕቃው አልፎ ሰውን የሚነካ የቆየ ቁስል አለው። ብረት ሠሪው ማረሻውን፥ ማጭዱን፥ መጥረቢያውንና ቢላዋውን ለሁሉም እያቀረበ፥ ራሱ ግን በንቀት ሲታይ ኖሯል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። በጎንደር አካባቢ በብረት ሥራና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን፥ በ1977 ዓ.ምና በ1983 ዓ.ም በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ ቢላዋና ማረሻ የሚሠራላቸው የነበሩ ጎረቤቶች የባለ እጅን ዋጋ ያወቁት ከሄደ በኋላ ነው ለማለት ይቻላል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይህን ለመሰለው ነገር ነው። እንግዲህ ሻጩ ሳያስበው የሚናገረው ቃል ይህን የቆየ ንቀት በአዲስ ባንኮኒ ላይ የሚያድስ ነው።

ነገሩ ላኪዎችንም የሚመለከት ነው። በቆዳና ሌጦ ንግድ የተሰማሩ ሁሉ እንደሚያውቁት፥ በሚገፈፍበት ጊዜ በቢላዋ የተቆረጠ ወይም የተነካ ቆዳ ደረጃው ይወርዳል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ለመግፈፍ የሚስማማው ስለቱ ቆልመም ያለ፥ ጫፉም የደነዘ ቢላዋ ነው፤ ሹል ጫፍ ያለው የወጥ ቤት ቢላዋ ግን ቆዳውን ይበሳል። ይህን የማያውቅ ሻጭ ለአራጁ ያገኘውን የሚያብረቀርቅ ቢላዋ ይሸጥለታል። ባለ እጅ ግን ቅርጹ ከተነገረው ለሥራው የሚስማማውን ቀጥቅጦ ሊያቀርብ ይችላል፤ ቢላዋውም ሲደንዝ በሞረድ ወይም በመሳያ ድንጋይ ቶሎ ስለት ያወጣል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የእጅ ሥራ ሁሉ መልካም ነው፥ የፋብሪካ ሥራ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በደንብ ያልጠነከረ፥ ሥጋ ሲቆርጡበት የሚታጠፍ፥ ወይም ሳይለዝብ ቀርቶ የሚሸረፍ የእጅ ሥራ ቢላዋ በገበያ አለ። ዕቃ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በሚያድርበትና ሎሚና ቲማቲም ዘወትር በሚከተፍበት ወጥ ቤትም የማይዝገው ቢላዋ ይመረጣል። ጥሩ ሻጭ ገዢው ቢላዋውን ለምን እንደሚፈልገው አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ከዚያም ለሥራው የሚስማማውን ያሳያል። አንዱን ለመሸጥ ሌላውን መስደብ ግን የመሸጥ ጥበብ አይደለም።

ለዚህ ጉድለት ነጋዴው ሊወስዳቸው የሚችሉ ቀላል እርምጃዎች አሉ። አንደኛ፥ ሻጮቹን ለግማሽ ቀን ያህል ወደ ባለ እጁ ሥራ ቤት ልኮ ብረት ሲግል፥ ሲቀጠቀጥና ሲነከር እንዲያዩ ማድረግ፤ በዓይኑ ያየ ሰው በቀላሉ አይንቅም። ሁለተኛ፥ ሁለቱንም ዓይነት ቢላዋ በሱቁ ውስጥ አስልቶ በሥጋና በሽንኩርት ማስሞከር። ሦስተኛ፥ ከባለ እጁ ዕቃ ሲረከቡ እያንዳንዱን መመርመርና ጉድለት ያለበትን በአክብሮት ምክንያቱን ነግሮ መመለስ፤ ባለ እጁም በዚህ ሥራውን ያሻሽላል። አራተኛ፥ ስለ አያያዙ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ከቢላዋው ጋር መስጠት፤ «ዛገብኝ» ብሎ የሚመለስ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ያልተነገረው ደንበኛ ነው። አምስተኛ፥ የኮሚሲዮኑን አከፋፈል መመርመር ያስፈልጋል። ከውጭ በመጣው ዕቃ ላይ ብቻ ኮሚሲዮን የሚያገኝ ሻጭ የአገር ቤቱን ዕቃ ቢነቅፍ ጥፋቱ የአሠሪውም ጭምር ነው።

አስመጪዎችና ወኪሎቻቸውም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በሐሰት የተወዳዳሪን ዕቃ ማጣጣል ከጨዋነት ጉድለት አልፎ በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ፥ በ2013 ዓ.ም በአዲስ ሕግ እስኪተካ ድረስ፥ ይህን የመሰለውን የሐሰት ቃል ከማይገባ የንግድ ውድድር ይቆጥረው ነበር፤ በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ተመሳሳይ ክልከላ ይዟል።

ገዢውም ቢሆን እንዲህ ያለ ሻጭ ሲያጋጥመው መቆጣት አያስፈልገውም። «ልሞክረው» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይበቃል። ስለታም ቢላዋ አንድ ወረቀት ይዘው ቢያስነኩት ሳይቀድ ይቆርጠዋል። በዚያን ጊዜ ሻጩ ከደንበኛው አንድ ነገር ይማራል፤ ባለ ሱቁ ዕቃው ይሸጥለታል፤ ባለ እጁም በማግስቱ ወናፉን የሚነፋበት ምክንያት ያገኛል።