ጥምር ፊርማ የሚጠይቀው መከላከያችን

በብዙ መሥሪያ ቤቶች አንድ ሰው ብቻውን የፈረመበት ቼክ ገንዘብ አያወጣም፤ የሁለተኛ ሰው ፊርማ ያስፈልገዋል። በሰውነታችንም ውስጥ አንቲቦዲ የሚያመርቱት ቢ ሕዋሳት በአብዛኛው ሥራ የሚጀምሩት በጥምር ፊርማ ነው። ሁለተኛው ፈራሚ ረዳት ቲ ሕዋስ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ዣክ ሚለር እና ግሬሃም ሚቸል በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ አንቲቦዲ የሚያመርቱት ከመቅኔ የሚመነጩት ሕዋሳት ቢሆኑም የታይመስ ሕዋሳት እርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው አሳዩ።

ምክክሩ የሚካሄደው እንደ ንፍፊትና ጣፊያ ባሉ የአካል ክፍሎች ነው። በመጀመሪያ ቢ ሕዋስ በገጹ ላይ ባለው ተቀባይ አማካይነት ባዕድ ነገርን ይይዛል፤ ይህ የመጀመሪያው ፊርማ ነው። ቀጥሎም ወደ ውስጡ አስገብቶ ፕሮቲኑን ይቆራርጥና ቁራጩን በገጹ ላይ ያሳያል። ያንኑ ቁራጭ የሚያውቅ ረዳት ቲ ሕዋስ ሲያገኘው ሁለቱ ይጣበቃሉ። ቲ ሕዋሱ ሲዲ40 ሊጋንድ የተባለውን ፕሮቲን አውጥቶ በቢ ሕዋሱ ላይ ካለው ሲዲ40 ጋር ያገናኛል፤ እንደ ኢንተርሉኪን-4 እና ኢንተርሉኪን-21 ያሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችንም ያመነጫል። ይህ ሁለተኛው ፊርማ ነው። ከዚያ በኋላ ቢ ሕዋሱ በተደጋጋሚ እየተከፈለ ይባዛል፤ ከልጆቹ ገሚሶቹ አንቲቦዲ አምራቾች፣ ሌሎቹ ደግሞ ጠላትን ለዓመታት የሚያስታውሱ ሕዋሳት ይሆናሉ።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። በስሕተት የገዛ አካላችንን የሚይዝ ቢ ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ፈራሚ አያገኝምና ጉዳት ሳያደርስ ይቀራል።

ፊርማው ሲጠፋ ምን ይከተላል? እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች የሲዲ40 ሊጋንድ ዘረ መል ጉድለት ከባድ የመከላከል አቅም ማነስ እንደሚያስከትል ደረሱበት። ዘረ መሉ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ በሽታው በይበልጥ የሚታየው በወንዶች ልጆች ላይ ነው። ሕፃናቱ ቢ ሕዋሳት አሏቸው፤ ሆኖም ቢ ሕዋሳቱ አይጂኤም ከተባለው የመጀመሪያ አንቲቦዲ አልፈው አይጂጂን በበቂ መጠን ማምረት ስለሚሳናቸው ልጆቹ በሳንባ ምችና በመሳሰሉት ሕመሞች ይጠቃሉ።

ይኸው እውቀት ለክትባት ጠቅሟል። ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያመጣው ሂብ የተባለው ባክቴሪያ በስኳር ሽፋን የተከበበ ነው። ቲ ሕዋሳት ግን በአብዛኛው የሚለዩት የፕሮቲን ቁራጭን ስለሆነ፣ ከስኳሩ ብቻ የተሠራው ክትባት ለጨቅላ ሕፃናት እምብዛም አልጠቀመም። መፍትሔው ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ማጣበቅ ሆነ። ቢ ሕዋሱ ስኳሩን ሲይዝ ፕሮቲኑንም አብሮ ያስገባል፤ የፕሮቲኑን ቁራጭ ያየ ቲ ሕዋስም ይፈርማል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባስጀመረችው አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ክትባት ውስጥ ያለው የሂብ ክትባት የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።