ኦዞንና የበሰበሰ ቅጠል

ከጫካ ወጥቶ ረግረግ አቋርጦ የሚወርድ ውሃ በብርጭቆ ተቀድቶ በብርሃን ፊት ሲታይ ስስ ሻይ የመሰለ ቀለም ይዞ የሚገኘው፣ ቅጠሉና ሥሩ፣ ሣሩም ሁሉ በስብሶ ከአፈር ጋራ ከተዋሐደ በኋላ ግዘፉ ረቆ በውሃው ውስጥ ስለሚሟሟ ነው። ይህ የብስባሽ ርዝራዥ በራሱ መርዝ ባይሆንም፣ ውሃን በኦዞን ለሚያጠሩ ሰዎች ግን ዋናው ፈተናቸው እርሱ ነው።

ኦዞን ሦስት የኦክሲጅን አተሞች ተዋሕደው የሚያስገኙት ጋዝ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን ዘመን በ1840 ዓ.ም. ሾንባይን የተባለው የባዝል ሊቅ በመዓዛው ለይቶ ካወቀው በኋላ ማሽተት ከሚለው የግሪክ ቃል ስም አወጣለት። ባሕርዩ የማይጸና በመሆኑ በዕቃ ተከቶ አይቀመጥም፤ በደረቅ አየር ወይም በኦክሲጅን ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል እየተላለፈ እዚያው በማጣሪያው ግቢ ይሠራል። የፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ ከ1906 ጀምራ ውሃዋን በዚህ አንጽታለች።

ረቂቃን ተሐዋስያንን ይገድል ዘንድ ወደ ውሃው የገባው ኦዞን ግን አስቀድሞ ከብስባሹ ጋራ ይገናኝና ኃይሉን በእርሱ ላይ ይጨርሳል። ስለዚህ ርዝራዡ በበዛበት ወንዝ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋል፤ መጠኑ ሲጨመር ደግሞ፣ ብሮማይድ የተባለው ጨው በውሃው ውስጥ ካለ፣ ብሮሜት የሚባል ጎጂ ነገር ይፈጠራል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ይህ በአንድ ሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወስኗል።

ከሁሉ ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው፣ ቢጫው ቀለም ጠፍቶ ውሃው እንደ ብርሌ ሲጠራ ዓይን መታለሉ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው የሞለኪውሉ ክፍል ተሰበረ እንጂ ካርቦኑ አብዛኛው ከውሃው አልወጣም፤ ታላላቁ ሞለኪውል ተቈራርሶ ፎርማልዴሃይድንና ኦክሳሊክ አሲድን ወደመሳሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ተለወጠ። ግዙፉን ብስባሽ መፍጨት ተስኗቸው የነበሩት ባክቴሪያዎች ቍራሹን በቀላሉ ይመገቡታል፤ ውሃው እንዲሁ ወደ ከተማ ቢለቀቅ፣ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይራባሉ።

በጀርመን አገር በሩር ወንዝ ዳር ያለችው ሙልሃይም ከተማ በ1970ዎቹ መድኃኒቱን ከራሱ ከችግሩ አገኘች፤ ከኦዞኑ ቀጥሎ ውሃውን በተዘጋጀ የከሰል ማጣሪያ ውስጥ አሳለፈችው። በከሰሉ ቀዳዳዎች የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በቧንቧ ውስጥ ቢያገኙት ኖሮ ውሃውን ያበላሹበት የነበረውን ቍራሽ በዚያው ይመገቡታል፤ ውሃውም ምግብ አልባ ሆኖ ወደ ከተማ ይሄዳል።